የማውስ ቀስት አልታይ ሲል፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሁሉ በቀን አንዴ ሳይሆን አሥር ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ቀስቷ የት ገባች?» የሒሳብ ሠራተኛው ይጠይቃል። የመዝገብ ቤቷ ሴት ትጠይቃለች። ከዚራ ፎቶ ኮፒ ቤት ደብዳቤ የምትጽፈው ልጅም እንደዚያው። ብዙው ሰው ጥፋቱን ዓይኑ ላይ ይጥላል። «አርጅቻለሁ» ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ቅንብሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲገዛ ይዞት የሚመጣው ትንሽ ነጭ ቀስት ለሁሉም ዓይንና ለሁሉም ክፍል አይስማማም። ማስተካከያው ማሽኑ ውስጥ አብሮ ያለ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ባለሙያ አይጠይቅም። ቀለም መምረጥ፣ መጠን መጨመር፣ በቃ። ሰው ይህን ሳያውቅ ዓመታት ሙሉ ዓይኑን ሲያጨናብስ ማየት ያሳዝነኛል፤ ገጹንም ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው።

የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ።

አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ጠፍታብኛለች። ምን ላድርግ?

ማውሱን ወደ ላይና ወደ ግራ ገፋ ገፋ አድርጉት። ቀስቷ የስክሪኑ ጥግ ላይ ደርሳ ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ መሀል ስትመልሷት ታገኟታላችሁ። ብዙ ሰው ግራ ሲገባው ማውሱን ክብ ክብ ያዞረዋል። እሱ ዓይንን ያደክማል እንጂ ብዙም አይጠቅምም።

ይህ ለዛሬ ነው። ለነገ ደግሞ አንድ ነገር አብሩ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ ከገባችሁ በኋላ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ»፣ ከዚያ «ማውስ»፣ ከዚያ «አዲሽናል ማውስ ሴቲንግስ» የሚለውን ተጫኑ። ትንሽ ሳጥን ይከፈታል። «ፖይንተር ኦፕሽንስ» የሚለው ገጽ ላይ፣ ታች መጨረሻው ላይ፣ ስለ ኮንትሮል ቁልፍ የሚያወራ መስመር አለ። እሱ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ኦኬ በሉ። ከዚያ በኋላ ቀስቷ በጠፋች ቁጥር ኮንትሮልን አንዴ ተጭናችሁ ስትለቁ፣ ቀስቷ ባለችበት ቦታ ዙሪያ ክብ መስመሮች እየጠበቡ ይመጡና ይጠቁሟችኋል። ዊንዶውስ 7 እና 10 ላይም ይኸው ሳጥን አለ፤ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ «ማውስ» የሚለውን ብትከፍቱ ታገኙታላችሁ።

ቀለሟንና መጠኗን እንዴት ነው የምቀይረው?

የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ «ዩ» የሚለውን ፊደል ተጫኑ። ሌላ መንገድ መፈለግ አያስፈልግም፣ አጭሩ ይሄ ነው። ዊንዶውስ 11 ከሆነ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለው ገጽ ይከፈታል፤ «ማውስ ፖይንተር ኤንድ ተች» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ገጹ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ይባላል፤ እዚያም «ማውስ ፖይንተር» አለላችሁ።

አራት ሳጥኖች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ነጭ ቀስት ነው፣ የለመድነው። ሁለተኛው ጥቁር ነው። ሦስተኛው ተገላባጭ ነው፤ ነጭ ነገር ላይ ስትሄድ ትጠቁራለች፣ ጥቁር ነገር ላይ ስትሄድ ትነጣለች። አራተኛው የፈለጋችሁትን ቀለም የምትመርጡበት ነው። አራተኛውን ስትነኩት ቀለሞች ተደርድረው ይወጣሉ። ካልወደዳችኋቸው የመደመር ምልክቷን ተጭናችሁ የራሳችሁን ቀለም ማውጣት ትችላላችሁ። መጠኑን የምትጨምሩበት ደግሞ ተንሸራታች መስመር አለ፤ ከ1 እስከ 15 ይሄዳል።

«ሴቭ» የሚል ቁልፍ አትፈልጉ፤ የለም። እንደነካችሁት ወዲያው ይለወጣል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዎርድን ወይም ኤክሴልን ከጎን ከፍታችሁ ቀስቷን እያመላለሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሴቲንግሱ ገጽ ላይ የወደዳችሁት ቀለም ሥራችሁ ላይ ሲሄድ ላይሆን ይችላልና መሞከሩን አትዝለሉት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ቀለም መምረጫው ካልታያችሁ ማሽኑ ሳይታደስ የቆየ ነው። ይህ ምርጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ማሻሻያ ነው።

የእኔ ዊንዶውስ 7 ነው። ምንም አይሆንም ማለት ነው?

ይሆናል። ኮንትሮል ፓነል፣ ማውስ፣ ከዚያ «ፖይንተርስ» የሚለው ገጽ ላይ «ስኪም» የሚል ዝርዝር አለ። እዚያ ጥቁር፣ ነጭና ተገላባጭ በሦስት መጠን ተቀምጠዋል። «ዊንዶውስ ብላክ» ከሚሉት ውስጥ «ኤክስትራ ላርጅ» የተባለው ጥሩ ነው። ሮዝና አረንጓዴ ግን የለም።

ነገር ግን ለዊንዶውስ 7 የሚደረገው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል። የመሥሪያ ቤት ፋይል የምትይዙበት ኮምፒውተር ከሆነ ከቀስቷ በላይ እሱ ያሳስባችሁ።

የትኛው ቀለም ነው የሚሻለው?

ሰው ሁሉ የሚወደውን ቀለም ይመርጣል። እኔ የምመክረው ሥራችሁ ውስጥ የሌለውን ቀለም እንድትመርጡ ነው። ቀስቷ የምትጠፋው ከጀርባዋ ካለው ነገር ጋር ስትመሳሰል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራችሁን ተመልከቱ።

ሙሉ ቀን ዎርድ ላይ ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ ጀርባው ነጭ ነው፣ ጽሑፉ ጥቁር ነው። ነጭ ቀስት እዚያ ላይ ያላት ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ብቻ ነው። ያቺ ጠርዝ በፊደሎች መሀል ስትገባ አንድ ተጨማሪ ፊደል ትመስላለች። እዚህ ላይ ደማቅ ሮዝ ወይም ደማቅ ብርቱካን ትበልጣለች።

ኤክሴል ላይ የምትውሉ ሒሳብ ሠራተኞች ቢጫን ተዉት። የሒሳብ ሰው «ይህ ይጣራ» ያለውን ሴል ሁሉ ቢጫ ይቀባል። መጋላ አካባቢ ያለ የጅምላ ነጋዴ ሒሳብ ብትከፍቱ ግማሹ ገጽ ቢጫ ነው። ቢጫ ቀስት እዚያ ውስጥ ገብታ መውጫ የላትም። አረንጓዴም እንደዚያው ብዙ ቦታ ይገባል። ለኤክሴል ሰው ምርጫዬ አሁንም ሮዝ ነው፣ ያም ካልሆነ ሐምራዊ። ሮዝ በቢሮ ሰነድ ውስጥ ብዙም የማይገባ ቀለም ነው፤ ዋጋውም እሱ ነው። «የልጅ ይመስላል» ብላችሁ አትተዉት።

ዳርክ ሞድ የምትጠቀሙ፣ ማለትም ስክሪኑን ያጠቆራችሁ ከሆነ ጥቁር ቀስት እንዳትሞክሩ። ደማቅ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ያኔ ነው የሚያበራው። ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ብርቱካን የሚወስደውን ናይት ላይት የምታበሩ ደግሞ ሌላ ነገር አስቡ፤ እሱ ሲበራ ነጩ ገጽ ራሱ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ቢጫዋ ቀስትም አብራው ትደበዝዛለች።

ተገላባጩስ? በወረቀት ላይ ሲታሰብ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስላል። ነጭ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ላይ ነጭ። አንድ ድክመት ግን አለው። መካከለኛ ግራጫ ላይ ሲደርስ የግራጫ ተቃራኒ ያው ግራጫ ስለሆነ ሟሙቶ ይቀራል። ፎቶ የምታስተካክሉ ሰዎች የምትሠሩበት ጀርባ ብዙ ጊዜ ግራጫ ነውና ለእናንተ አይሆንም። ነጭና ጥቁር ገጾችን እያፈራረቀ ለሚያነብ ሰው ግን በጣም ጥሩ ነው።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች አሉ። ይህ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ብዙዎቹም ሰው እስኪነግራቸው አያውቁትም። እንደዚያ ከሆነ ሰማያዊና ቢጫ ይሻላሉ። ከቀለሙ ይልቅ ደግሞ መጠኑ ላይ በርቱ።

ባሳድጋት ልጫን የምፈልገውን ነገር አትሸፍንብኝም?

ትንሽ ትሸፍናለች፣ ግን የምትፈሩትን ያህል አይደለም። የምትጫነው የቀስቷ ጫፍ ብቻ ነው፣ ከላይ በግራ በኩል ያለችው ሹል ነጥብ። ቀስቷ የፈለገውን ያህል ብትተልቅ የምትነካው ያቺው አንድ ነጥብ ናት። የቀረው አካሏ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ስለሚወርድ ከምትጫኑት ነገር በላይና በስተግራ ያለው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ለቢሮ ሥራ 2 ወይም 3 ይበቃል። 4 እና 5 ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ይሆናል። ከዚያ በላይ ለማስተማርና ለፕሮጀክተር ካልሆነ ሠንጠረዥ ውስጥ ትንንሽ ሴሎችን መምረጥ ያስቸግራል።

በረንዳ ላይ ነው የምሠራው፣ ፀሐዩ ስክሪኑን ያጥበዋል። ቀለም መቀየር ይረዳል?

ይረዳል፣ ግን ለብቻው አይበቃም። ድሬ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በሙቀቱ ምክንያት በር አይዘጋም። ሱቁ ወገቡ ድረስ ለመንገድ ክፍት ነው። ጠዋት ከተማው ሲነቃ ብርሃኑ በቀጥታ ይገባል፣ መስታወት መሰል ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ከጽሑፉ ይልቅ መንገዱን ያሳያል። ባጃጁ ሲያልፍ ስክሪናችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ የጠረጴዛውን አቀማመጥ ለውጡ። በሩ ከጀርባችሁም ከፊታችሁም አይሁን፣ በጎናችሁ ይሁን። ከጀርባ ከሆነ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ይወድቃል። ከፊት ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ለውጪው ብርሃን ይጠብና ስክሪኑ የጨለመ ይመስላችኋል። ጠረጴዛውን ማዞር የማይቻል ከሆነ ስክሪኑን በትንሹ ወደ ታች ማዘንበል፣ ወይም ከላይ በካርቶን ጥላ መሥራት ይረዳል። ካርቶኑ ያምራል አልልም፣ ግን ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙ። በፀሐይ ውስጥ ፈዛዛ ቀለም ሁሉ ነጭ ይሆናል። ቢጫ ይጠፋል፣ ውኃ ሰማያዊ ይጠፋል። የሚተርፉት ጠቆር ያሉት ናቸው፦ ጥቁር፣ ጥልቅ ሐምራዊ፣ ጠንካራ ቀይ። ነጭ ገጽ ላይ ለሚሠራ የመንገድ ዳር ጸሐፊ ጥቁር ቀስት መጠን 3 ላይ ከሁሉም ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ብርሃን የሚመጣው ከበሩ ነው። ክፍሉ ይጨልማል፣ ስክሪኑ ደግሞ ሙሉ ብርሃን ላይ ይሆንና ዓይን ያፈዛል። ነጩ ገጽ ሲያንጸባርቅ ነጯ ቀስት ትዋጣለች። እዚያ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ወይም ከስክሪኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ መብራት አብሩ። ቀስቷ ሮዝም ትሁን ብርቱካን፣ ዋናው ስክሪኑና ክፍሉ እንዲቀራረቡ ማድረግ ነው።

ዎርድ ላይ መጻፍ ስጀምር ቀስቷ ትሰወራለች። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ዊንዶውስ ሆን ብሎ የሚያደርገው ነው። ስትጽፉ ፊደል እንዳትሸፍን ትደበቃለች፣ ማውሱን ነካ ስታደርጉት ትመለሳለች። ካልወደዳችሁት ቅድም ኮንትሮል ቁልፍን ያበራንበት ሳጥን ላይ «ሃይድ ፖይንተር ዋይል ታይፒንግ» የሚለውን ምልክት አንሱ።

እዚያው ሳጥን ላይ «ፖይንተር ትሬይልስ» የሚባልም አለ። ቀስቷ ስትሄድ ከኋላዋ ጭራ ታስቀራለች። አንዳንድ ሰው ይወደዋል። እኔ አልመክረውም፤ ብዙ ቀስት ሲታይ የትኛዋ እውነተኛዋ እንደሆነች መለየት ሌላ ድካም ነው።

ቀስቷን አስተካከልኩ፣ አሁን የቸገረኝ ብልጭ ድርግም የምትለዋ መስመር ናት።

እሷ ሌላ ናት። የምትጽፉት ፊደል የሚያርፍበትን ቦታ የምታሳይ መስመር ነች፣ የቀስቷ ቅንብር እሷን አይነካትም። ቅንብሯ እዚያው ጎን ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና «ዩ»፣ ከዚያ «ቴክስት ከርሰር»። ውፍረቷን መጨመር ትችላላችሁ። ከዚህም በላይ «ቴክስት ከርሰር ኢንዲኬተር» የሚባለውን ስታበሩ ከመስመሯ ላይና ታች ባለቀለም ምልክት ይወጣል። መጠኑንም ቀለሙንም ትመርጣላችሁ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ በጣም ይረዳል። ፊደሎቻችን ቋሚ እግር የበዛባቸው ናቸው፤ «ከ»ን፣ «ለ»ን፣ «በ»ን ተመልከቱ። ቀጭኗ መስመር በነሱ መሀል ስትቆም አንድ እግር ትመስላለች። በፓወር ግዕዝ ረጅም ቃለ ጉባዔ የምትጽፉ ሰዎች ይህን ብታበሩ ማረሚያ ቦታችሁን በአንድ እይታ ታገኛላችሁ። ከቀስቷ የተለየ ቀለም ስጧት። ሁለቱም ሮዝ ከሆኑ ትርጉም የለውም።

ኤክሴል ላይ ያለው ነጭ መስቀል ግን አልቀየር አለኝ።

እሱ የኤክሴል የራሱ ሥዕል ነው። ቀስቷን ሮዝ ብታደርጓትም ሠንጠረዡ ውስጥ ስትገቡ ያው ነጭ መስቀል ሆኖ ይቀራል። ይህ ብዙ የሒሳብ ሰው ያማረረው ነገር ነው፣ እውነትም ያስመርራል።

ዙሪያውን ግን መዞር ይቻላል። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱን ከጫናችሁ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ አልትንና «ፒ»ን አብራችሁ ስትጫኑ ቀስቷ ባለችበት የሚገናኙ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። ነጭ መስቀሉ የመስመሮቹ መገናኛ ላይ ነው። መልሳችሁ ስትጫኑ ይጠፋሉ። የመስመሮቹን ቀለምና ውፍረት መምረጥ ይቻላል። ሌላም አለው፦ በግራ በኩል ያለውን ኮንትሮል ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትመቱ ስክሪኑ በሙሉ ይጨልምና ቀስቷ ያለችበት ቦታ ብቻ ክብ ብርሃን ሆኖ ይቀራል። ፋይሉ ከበድ ይላል። ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ቦታ አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ለሌሎች አካፍሉት።

የተመረጠው ሴል የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከሆነ ችግራችሁ፣ አዲሱ የማይክሮሶፍት 365 ኤክሴል «ቪው» ሜኑ ውስጥ «ፎከስ ሴል» የሚል አለው። የሴሉን ሙሉ ረድፍና ዓምድ ያቀልመዋል።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የምትሠሩ ደግሞ ከፒችትሪ ውስጥ ምንም አትፈልጉ። ቀስቱን ከዊንዶውስ ነው የሚወስደው። ዊንዶውስ ላይ ስትቀይሩ እዚያም ይቀየራል።

አውቶካድ ላይ መስቀሏ በጣም ትንሽ ናት።

ለምህንድስና ተማሪዎች፦ ትእዛዝ መጻፊያው ላይ «ከርሰርሳይዝ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ቃል ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። ቁጥር ይጠይቃችኋል። ሲጀምር 5 ነው፤ ከ1 እስከ 100 መስጠት ትችላላችሁ። 100 ስትሉ መስመሮቹ ሙሉ ስክሪኑን ያቋርጣሉ። የወለል ፕላን ስትሠሩ ግድግዳ ከግድግዳ ጋር መግጠሙን በዓይን ለማየት ይህ ግሩም ነው። ቀለሟን ለመቀየር «ኦፕሽንስ»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ከለርስ» ገብታችሁ «ክሮስሄርስ» የሚለውን ምረጡ።

ፎቶሾፕ ላይ የብሩሹ ክብ ጠፍቶ መስቀል ሆነብኝ።

ካፕስ ሎክ በርቷል። አጥፉት፣ ክቡ ይመለሳል።

ካልተመለሰ «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ከርሰርስ» ውስጥ ገብታችሁ የብሩሹን ቅርጽ የሚያሳየውን ምረጡ። አንዳንዴ ደግሞ ክቡ አለ፣ ግን ብሩሹ በጣም ስላነሰ ነጥብ ሆኗል። የመዝጊያ ማዕዘን ቅንፍ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ያድጋል። የሠርግ አልበም የምትሠሩ ልጆች ይህን አንዴ ካወቃችሁ ብዙ ጊዜ ይተርፋችኋል።

ሥልጠና ስሰጥ ከኋላ የተቀመጡት ቀስቷን አያዩአትም።

ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት መጠኗን 6 ወይም 7 አድርጉት፣ ቀለሟን ደማቅ። ሲያልቅ መልሱት። ፕሮጀክተር ቀለም ያደበዝዛል፣ በተለይ መጋረጃ የሌለው አዳራሽ ውስጥ። ግድግዳው ላይ የሚታየውን ከኋላ ወንበር ሄዳችሁ አንዴ ተመልከቱ፤ ላፕቶፑ ላይ ጥሩ የነበረው እዚያ ሌላ ነው።

ፓወርፖይንት ስላይድ እያሳየ ሳለ ማውሱን ካልነካችሁት ቀስቷን ይደብቃታል። ኮንትሮልና «ኤ» ስትጫኑ ትወጣለች። ከዚህ የሚሻለው ግን ኮንትሮልን ይዞ የማውሱን ግራ ቁልፍ ተጭኖ መጎተት ነው። ቀስቷ እንደ ሌዘር የምታበራ ቀይ ነጥብ ትሆናለች። «ስላይድ ሾው» ውስጥ «ሴት አፕ ስላይድ ሾው» ገብታችሁ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መቀየርም ይቻላል።

ማክና ኡቡንቱስ?

ማክ ላይ ማውሱን ወዲያ ወዲህ ቶሎ ቶሎ ስታንቀጠቅጡት ቀስቷ ለአፍታ ትተልቃለች። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ። ለዘለቄታው «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «አክሰሲቢሊቲ»፣ «ዲስፕሌይ» ውስጥ ታች ውረዱ፤ መጠን አለ፣ የመሙያ ቀለም አለ፣ የጠርዝ ቀለምም ለብቻው አለ። ጠርዙን ለብቻ መምረጥ መቻሉ ዊንዶውስ የሌለው ጥቅም ነው። ቢጫ ከጥቁር ጠርዝ ጋር ሞክሩ።

ኡቡንቱ ላይ «አክሰሲቢሊቲ»፣ «ሲይንግ» ውስጥ «ከርሰር ሳይዝ» አለ፣ አምስት መጠን ይሰጣል። በኮንትሮል የሚፈለግበት «ሎኬት ፖይንተር» የሚባለውም እዚያው አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ነው። ቀለም ለመቀየር «ትዊክስ» የሚባለውን ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል።

ከኢንተርኔት የሚያምሩ ቀስቶች ላውርድ?

ባታወርዱ እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ተንቀሳቃሽ ቀስቶችን በሚያነብበት መንገድ ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ማይክሮሶፍት በአስቸኳይ ማስተካከያ ማውጣት ነበረበት። ያ ክፍተት ተዘግቷል። ግን «ነፃ ቀስት» ብሎ ተከላ ፕሮግራም የሚያወርድላችሁ ገጽ ዛሬም አደገኛ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ይበቃችኋል።

ላብ ውስጥ አስተካክዬ ወጣሁ፣ በማግሥቱ ስገባ ጠፍቶ ጠበቀኝ።

ብዙ የትምህርት ቤት ላብና ኢንተርኔት ቤት ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ይጠቀማል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው። የላቡን ኃላፊ ጠይቁ፤ እሱ አንዴ ከፍቶ ቅንብሩን ቢያስቀምጥ ለሁላችሁም ይሆናል።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ቅንብሩ የሚቀመጠው በገባችሁበት መለያ ላይ ነው። ሁለት ሰው አንድ ማሽን በየራሱ ስም ከገባ አንዱ የቀየረው ሌላውን አይነካውም። ሁሉም በአንድ ስም የሚገባ ከሆነ ግን ተስማሙ፤ ለዓይኑ የሚያንሰው ሰው የሚፈልገው መጠን ይቅደም።

አጠገቤ የሚሠሩ ትልቅ ሰው አሉ፣ ሲቸገሩ አያለሁ። እንዴት ልንገራቸው?

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። አገጫቸውን ከፍ አድርገው በመነጽራቸው የታችኛው ክፍል ያያሉ። ማውሱን ያነሱና ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጉታል። ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ፣ ከዚያ እጃቸው ይቆማል። ባለጉዳይ ፊታቸው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ የሚሰማቸውን አስቡት።

«አይታይዎትም?» አትበሏቸው። «ጋሼ፣ የእኔን ቀስት ቀለም ቀየርኩት፣ በጣም ተመቸኝ፤ ለእርስዎም ላድርግልዎት?» በሏቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ቀለሙን እሳቸው ይምረጡ። መጠኑንም እየገፋችሁ «እዚህ ላይ ይብቃ?» እያላችሁ ጠይቁ። ፊደሉም ጭምር የሚደበዝዝባቸው ከሆነ ግን የቀስት ጉዳይ አይደለምና ዓይናቸውን እንዲታዩ አደራ በሏቸው።

ቀለምም መጠንም ቀይሬ አሁንም የለችም። ጭራሽ።

እንግዲህ የቅንብር ነገር አይደለም። ላፕቶፕ ከሆነ የመዳሰሻ ሰሌዳው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ባሉት የኤፍ ቁልፎች ላይ የሰሌዳ ሥዕል ያለበትን ፈልጉና ከ«ኤፍኤን» ጋር ተጫኑ። ገመድ አልባ ማውስ ከሆነ ባትሪውን ቀይሩ፣ ገልብጣችሁም የሚያበራውን ቀዳዳ ከአቧራ ጥረጉ። የድሬ አቧራ የት እንደማይገባ አላውቅም።

ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር ተሰክቶ ከነበረ ቀስቷ ወደ ሁለተኛው ስክሪን ተሻግራ ይሆናል። የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን ተጫኑ፣ «ፒሲ ስክሪን ኦንሊ»ን በቀስት ቁልፎች መርጣችሁ ኢንተር በሉ። ያም ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ የዊንዶውስ ቁልፍና «ቢ» አንድ ላይ፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ የግራፊክስ ሾፌሩ እንደ አዲስ ይነሳል። የከፈታችሁት ፋይል አይጠፋም።

ወደ ድሮው መመለስ እፈልጋለሁ።

የዊንዶውስ ቁልፍና «ዩ»፣ የማውስ ፖይንተሩ ገጽ፣ የመጀመሪያው ነጭ ሳጥን፣ መጠኑ ወደ 1። ሌላ ጣጣ የለውም።